በጭቃው ላይ አራት መስመር

መምሬ ዘሥላሴን ያገኟቸው ወተት ይዘው ወደ ደብረ ብርሃን የሚሄዱ ሁለት ሴቶች ናቸው። ከአንኮበር የሚመጣው መንገድ ገብስ ሜዳ ላይ ሲደርስ፣ በስተቀኝ ባለው የውሃ ቦይ ውስጥ በጎናቸው ተኝተው ነበር። ጥምጥማቸው ከራሳቸው አልወለቀም። አንደኛዋ ሴት እንቅልፍ የጣላቸው መስሏት "አባ፣ ይነሡ እንጂ፣ ብርድ ይመታዎታል" እያለች ትከሻቸውን ነቀነቀች።

ኢንስፔክተር ሰርካለም ከከተማ ስትደርስ ጉሙ ገና ከመሬት አልተነሳም። ነሐሴ ስለሆነ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሯል። ሬሳውን ከበው ከቆሙት ሰዎች መሀል ጥቂቶቹ ያለቅሳሉ፤ የቀሩት ዝም ብለው ያያሉ። መምሬ ዘሥላሴ የገብስ ሜዳ ሚካኤል ካህን ነበሩ። እዚያ ከቆመው ሰው ያላቆረቡት፣ ወይም ልጁን ያላጠመቁለት ጥቂት ነው።

"ገጭቶ ያመለጠ ነው" አለ ዋና ሳጅን ፍቃዱ። ከሰርካለም ጋር ብዙ መዝገብ የሠራ፣ ቶሎ ሐሳብ የሚሰጥ ሰው ነው።

"ከገጨ ታዲያ ስባሪው የት አለ?"

ፍቃዱ ወዲያና ወዲህ አለ። የመብራት መስተዋት የለም፣ የፕላስቲክ ቁራጭ የለም፣ የተፋቀ ቀለም የለም። በሰርካለም ልምድ ሰውን በዚህ ኃይል የመታ መኪና ከፊቱ የሆነ ነገር ሳይጥል አይሄድም። ጎንበስ ብላ ሟቹን አየች። የተመቱት በቀኝ ዳሌያቸው ነው። የጋቢያቸው ጠርዝ ተቀዶ ጥቂቱ ጎድሏል። አጠገባቸው አንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ ጸበል ክዳኑ እንደተከደነ ወድቋል።

ትንሽ ወደ አንኮበር አቅጣጫ አስፋልቱ ለድልድይ ሥራ ተቆርጦ ነበር፤ መኪና ወደ ታች ወርዶ በአፈር ተለዋጭ መንገድ ያልፋል። ሰርካለም ወደዚያ ሄደች። የሌሊቱ ዝናብ የትናንቱን ዱካ ሁሉ አጥቦ አፈሩን አለስልሶታል። ከዚያ በኋላ ያለፈ አንድ ዱካ ብቻ ነበር። ግን አራት መስመር ነው።

"ሁለት መኪና ነው፤ ተከታትለው ያለፉ" አለ ፍቃዱ።

ሰርካለም ቁጢጥ አለች። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው። ቀጥ ብሎ የሚሄድ መኪና የኋላ ጎማው የፊቱን ዱካ እየረገጠ ሁለት መስመር ብቻ ይተዋል። እዚህ ግን ከእያንዳንዱ መስመር ጎን፣ በስተቀኝ፣ አራት ጣት ያህል ፈቀቅ ብሎ ሌላ መስመር አለ። ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድም ቦታ አይገናኙም፤ አንድም ቦታ አይራራቁም።

"ሁለት ሾፌር እንዲህ እኩል አይነዳም" አለች። "አንድ መኪና ነው፤ ኋላው ፊቱን የማይከተል።"

ስክሪብቶዋን ከመስመሩ አጠገብ አስቀምጣ በስልኳ ፎቶ አነሳች፤ በጎማዎቹ መካከል ያለውንም ስፋት ለካች። የአሮጌ የቤት መኪና ስፋት ነው። ልኬቱን ሳትጨርስ ዝናቡ መጣ። ፍቃዱ ከመኪናቸው ሸራ አውጥቶ እየሮጠ መጣና ሁለቱም ጫፍ ጫፉን ይዘው ዘረጉት። ከላይ የሚወርደውን ሸራው ያዘው። ከተቆረጠው አስፋልት ሥር ተጠራቅሞ የመጣውን ጎርፍ ግን ማን ይያዘው? እያዩት አራቱም መስመር ሟሟ፤ እነሱም የማይረባውን ሸራ ይዘው ቆመው ቀሩ።

*

የመምሬ ባለቤት ወይዘሮ ባፈና ለቅሶ ቤቱ መሀል ተቀምጠው፣ ለሚጠየቁት ሁሉ ረጋ ብለው ይመልሳሉ።

"ወዴት ሲሄዱ ነበር እማማ?"

"ወደ ልጃችን። ሳሌም ጎረቤላ ነው የምትኖረው። ባሏ አረርቲ አስተማሪ ነው፣ እሱም አልነበረ። ሊነጋጋ ሲል ምጥ ያዘኝ ብላ ደወለች። አምቡላንስ ጠርተውልኛል፣ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ሊወስዱኝ ነው አለች። እሳቸው ሰዓታት ላይ ነበሩ፤ ቤተ ክርስቲያን ድረስ ሰው ላክሁባቸው። ጸበል ቀድተው፣ መኪና አስቁሜ እከተላታለሁ ብለው ከዚያው ወደ መንገዱ ወጡ።"

"ሳሌም እንዴት ሆነች?"

"ወለደች። ሴት። ብዙ ደም ፈሷት ነበር፣ ትንሽ ብትዘገይ ኖሮ አትተርፍም ነበር አሉ።" ባፈና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "መርዶውን አልነገርናትም። አባቴ ለምን አልመጣም ትላለች። ቅዳሴ ይዟቸው ነው እያልናት ነው።"

ሰርካለም ይህን ስትሰማ ፊቷን ወደ ጎን መለሰች። የመምሬ አስከሬን ለምርመራ የገባው እዚያው ሆስፒታል ነው። አባትና ልጅ በአንድ ግቢ ውስጥ ነበሩ።

ግቢው ውስጥ የቆሙት ወንዶች እሷን እየጠበቁ ነበር። ሁሉም የሚሉት አንድ ስም ነው፤ ገብረመንፈስቅዱስ። የአይሱዙ ጭነት መኪና አለው። በቤተ ክርስቲያኑ ወሰን ባለው ባሕር ዛፍ ምክንያት ከመምሬ ጋር ተጣልቶ፣ በሕዝብ ፊት "አያዩዋትም" ብሎ ዝቶባቸው ነበር። መኪናው ትናንት ወጥቶ ገና አልተመለሰም።

*

ገብረመንፈስቅዱስ በማግስቱ ሲመለስ የአይሱዙው አንድ የፊት መብራት ተሰብሮ ነበር። ሕዝቡ ከመኪናው ጎትቶ ሳያወርደው ፍቃዱ ደረሰና ወደ ጣቢያ ወሰደው።

"እነዋሪ ነበርኩ" አለ ሰውየው። "ስንዴ ልጭን ሄጄ እዚያው አደርኩ። ያደርኩበትን ቤት ጠይቁ። መብራቱን ወደ ኋላ ስመለስ አጥር ነው የሰበረው፣ ባለአጥሩም ሰድቦኛል።"

"መምሬን አያዩዋትም ብለሃቸዋል።"

"ብያለሁ። ዛፏን ነበር ያልኩት፣ እቆርጣታለሁ ማለቴ ነው።" ከዚያ አንገቱን ደፋ። "እሳቸው እኮ ናቸው ያጋቡኝ።"

ፍቃዱ እነዋሪ ሄዶ ቃሉን አጣራ፤ እውነት ነበር። ሰርካለም ግን ይህን ሳትሰማም አይሱዙው እንዳልሆነ ታውቅ ነበር። የአይሱዙ የኋላ ጎማ ድርብ ነው፤ ስፋቱም በጭቃው ላይ ካየችው እጅግ ይበልጣል። ሰውየውን ስትለቀው የገብስ ሜዳ ሽማግሌዎች ቢሮዋ ድረስ መጡ።

"ልቀቂው ያለሽ ማን ነው ልጄ?"

"ዱካው የእሱ መኪና አይደለም አባቴ።"

"ዱካው የት አለ?"

ስልኳን አውጥታ አሳየቻቸው። ሽማግሌው ፎቶውን አይተው መለሱላት። ለእሳቸው ጭቃ ነው።

*

አበባው በደብረ ብርሃን መውጫ ላይ ጋራዥ አለው፤ ሥራው በአብዛኛው የመኪና እግር ስር መጠገን ነው። ፎቶውን በጣቶቹ አስፍቶ ለረጅም ጊዜ ካየ በኋላ "ይሄ መኪና ወደ ጎን ነው የሚሄደው" አለ።

"ምን ማለት ነው?"

"ይምጡ፣ ከስር ላሳይዎት።"

ዲኤክስ የሚባለው ዓይነት አንድ አሮጌ የቤት መኪና በክሪክ ተነስቶ ቆሟል። ሰርካለም የደንብ ልብሷን ሰብሰብ አድርጋ ካርቶን ላይ ተኛችና ከአበባው ጎን ገባች።

"የኋላ ጎማዎቹን የያዘው ይሄ ወፍራም ብረት አክስሉ ነው። በሞላ ላይ ተቀምጧል። ሞላ ክብደት ይሸከማል እንጂ አክስሉ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዳይሄድ አይዘውም። የሚይዙት እነዚህ ናቸው።" በመኪናው ርዝመት የተዘረጉትን ብረቶች በመፍቻው መታ መታ አደረጋቸው። "ክንድ ይበሏቸው። የፊት ጫፋቸው ቦዲው ላይ ታስሯል፣ የኋላ ጫፋቸው አክስሉ ላይ። ጎማው ጉድጓድ ሲገባ ክንዱ ወደ ላይና ወደ ታች ይላል፤ ቦታውን ግን አይለቅም።"

"ጫፉ ላይ ያለው ላስቲክ ምንድን ነው?"

"ጎሚኒ። ነገሩ ሁሉ እሱ ጋ ነው። በብረት ቀለበት ውስጥ የተጠቀጠቀ ላስቲክ ነው፤ ቡሎኑ በመሀሉ ያልፋል። ክንዱ እንዲተጣጠፍ ይፈቅዳል፣ እንዳይዋልል ደግሞ ይይዘዋል። መንገዱ ሲደበድበው፣ ዘይትና ጭቃ ሲበላው ይሰነጠቃል። የአንድ ጎኑ ሲበጣጠስ ያ ክንድ ቀዳዳው ውስጥ መጫወት ይጀምራል። ያ ጎን ወደ ኋላ ይንሸራተታል፣ ሌላው ባለበት ይቀራል። አክስሉ ይጣመማል። ከዚያ መኪናው ፊቱ ወደ ደብረ ብርሃን እያየ ኋላው ወደ ቦዩ ይሄዳል።"

"አራት መስመር የሚተወው ለዚህ ነው።"

"ለዚህ ነው።"

"ሾፌሩ አያውቀውም?"

"ያውቀዋል፣ ግን ይለምደዋል። መሪውን ትንሽ ሰበር አድርጎ ይነዳል። ችግሩ ድንገት ፍሬን ሲይዝ ነው። ያኔ የላላው ጎን ጨርሶ ይሸሻል። በዚያ ላይ ከሆነ ነገር ለማምለጥ መሪውን ወደ ግራ ከጠመዘዘ፣ ኋላው ወደ ቀኝ ይወረወራል። በፊቱ የሳተውን በጎኑ ይመታዋል።"

ሰርካለም ካርቶኑ ላይ እንደተኛች በመንገዱ ያቆሙትን ኬላ አሰበች። ለቀናት በኬላው ላይ መኪና ሲያስቆሙ የሚያዩት የፊት መብራትና የፊት መከላከያ ነበር። ፊቱ ምንም ያልሆነ መኪና ሁሉ እለፍ እየተባለ አልፏል።

"ጎሚኒው ቢቀየር ይስተካከላል?"

"ወዲያው። አዲስ ከገባለት ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ማንም አያውቅበትም።" አበባው ከስር ወጥቶ እጁን በጨርቅ ጠረገ። "ችግሩ አይገኝም። ሰው ለወራት እየፈለገ ነው የሚነዳው።"

*

መርዶው ለሳሌም የተነገራት ከሆስፒታል ወጥታ እናቷ ቤት ከገባች በኋላ ነው። ሰርካለም ቃሏን ልትቀበል ሄዳ ነበር። ሳሌም ከመጋረጃ ጀርባ፣ ሕፃኗን ታቅፋ፣ ዓይኗ አብጦ ተቀምጣለች። ለቅሶ ደራሾቹ ድምፅ አውጥታ እንዳታለቅስ ይከለክሏታል፤ አራስ ናትና።

"አባቴ ብዙ ተሠቃየ?" ብላ ጠየቀች።

ሐኪሙ ለሰርካለም የነገራት ሌላ ነበር። የዳሌያቸው አጥንት ተሰብሮ ወደ ውስጥ ደማቸው ፈሷል፤ ወዲያው አልሞቱም። በጊዜ የደረሰላቸው ቢኖር ይተርፉ ይሆናል።

"አልተሠቃዩም" አለች።

ሌላ ጥያቄ ልታነሳ አልቻለችም። ሴትየዋ በዚያ ጠዋት በአምቡላንስ ተኝታ በምጥ ላይ ነበረች፤ ምን ልታይ ትችላለች? ሰርካለም ማስታወሻዋን ሳትከፍተው ተነሳች።

*

ፍቃዱ በደብረ ብርሃን ያሉትን ጋራዦች አንድ በአንድ ዞረ። በመጨረሻ አንዱ ዘንድ፣ መምሬ ከሞቱ በማግስቱ የቀኝ የኋላ ክንዱ ጎሚኒ የተቀየረለት ዲኤክስ አገኘ። አሮጌው ጎሚኒ ከብረት ክምሩ ውስጥ ወጣ፤ ላስቲኩ ከቀለበቱ ተላቆ ለሁለት ተከፍሏል። ባለመኪናው ቴዎፍሎስ የሚባል የጎረቤላ ሰው ነው፤ ከጎረቤላ ደብረ ብርሃን ኮንትራት ይሠራል።

ቴዎፍሎስ ቀጭን፣ ጸጥ ያለ፣ አርባ ዓመት ያልሞላው ሰው ነው። መኪናውን ይዞ ሲመጣ ሰርካለም ከኋላው ቆማ አየችው። ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው።

"ጎሚኒውን ለምን ያን ቀን ቀየርክ?"

"ከአዲስ አበባ ያን ቀን ደረሰልኝ። ከበልግ ጀምሮ ስፈልግ ነበር።"

"መምሬ ዘሥላሴ የሞቱ ጠዋት የት ነበርክ?"

"ቤቴ። መኪናው ችግር ስላለበት አቁሜው ነበር።"

"መምሬን ታውቃቸዋለህ?"

"የማያውቃቸው አለ? ቀብራቸው ላይ ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነኝ።"

ፍቃዱ ጎረቤላ ሄዶ ጎረቤቶቹን ጠየቀ። መኪናው ማታ በሩ ላይ ነበር፤ ረፋድ ላይም በሩ ላይ ነበር። በመሀሉ ጉም ነው፤ ማንም ምንም አላየም።

"ምን አለን?" አለች ሰርካለም ቢሮዋ ውስጥ። ጠረጴዛው ላይ የተበጣጠሰው ጎሚኒና የታጠበ ዱካ ፎቶ አለ።

"መኪናው ወደ ጎን ይሄድ እንደነበር እናውቃለን" አለ ፍቃዱ።

"ግማሹ የአገሩ መኪና ወደ ጎን ነው የሚሄደው። ያን ጠዋት በዚያ መንገድ መሄዱን ያየ ሰው ያስፈልገናል።"

"በዚያ ሰዓት በመንገዱ ያለፈ ማን አለ ታዲያ?"

ሰርካለም መልሱ ከገዛ አፏ ሲወጣ ሰማችው። "አምቡላንሱ።" ሳሌምን የወሰደው አምቡላንስ በዚያች ሰዓት በገብስ ሜዳ ማለፍ ነበረበት። ሾፌሩ አንድ ዲኤክስ ቀድሞት ወይም ተከትሎት እንደሆነ ያውቃል። እስካሁን አለመጠየቋ ገረማት። ቁጥሩን አፈላልጋ ደወለች።

"እኔ?" አለ የአምቡላንሱ ሾፌር። "እኔ ያን ጠዋት በዚያ አላለፍኩም እኮ። ቆላ ወርጄ ሌላ ወላድ ይዤ ነበር። ጎረቤላ ስደውል ሴትየዋ በሌላ መኪና ሄዳለች አሉኝ።"

"በየትኛው መኪና?"

"እሱን አላውቅም። ኮንትራት ይዘው ይሆናል።"

ሰርካለም ስልኩን ከጆሮዋ አውርዳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። በጭቃው ላይ ያለፈው መኪና አንድ ብቻ ነበር።

*

ጎረቤላ ሲደርሱ ቀትር ነበር። ቴዎፍሎስ መኪናውን በሩ ላይ አቁሞ መስተዋቱን ይወለውላል። ሰርካለም ሰላም ሳትለው ወደ ኋላ ዞራ በቀኝ በኩል ተንበረከከች። መኪናው ታጥቧል። ጎኑ ላይ፣ ከጎማው በላይ፣ ሰው ካልነገረው የማያስተውለው ትንሽ ጎድጓዳ አለ። የኋላ መከላከያውን ከቦዲው ጋር ከሚያያይዘው ቡሎን ሥር ጣቷን ከተተች። ነጭ የጥጥ ክር ወጣ፤ አጠገቡ ከጋቢ ጥለት የቀረ ጥቁር ክር አለ።

ቴዎፍሎስ ቆሞ ያያታል። የያዘው ጨርቅ ከእጁ ወደቀ።

"ሳሌምን ሆስፒታል ያደረስካት አንተ ነህ" አለች።

"አዎ።"

"ተቀመጥና ንገረኝ።"

በሩ ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

"ጎረቤቶቿ ከማዶው ሰፈር መጥተው በሬን መቱ። አምቡላንሱ የለም፣ ደም እየፈሰሳት ነው አሉኝ። መኪናው ወደ ጎን እየሄደ ነው፣ አላምነውም አልኳቸው። አንዷ ሴትዮ ታዲያ ትሙት? አለችኝ። ከኋላ አስተኛኋት። አብራት የምትሄደው ሴት ልብስ ልያዝ ብላ ስትገባ፣ ሳሌም መጠበቅ አልቻለችም፤ ሂድ አለችኝ፣ ሄድኩ።"

"ከዚያስ?"

"ጉሙ የራሴን አፍንጫ እንኳን የሚያሳይ አልነበረም። ተለዋጩን ወጥቼ አስፋልቱን እንደያዝኩ አንድ ሰው ፊቴ ላይ ቆመ። ነጭ ለብሷል። እጁን ያውለበልባል። ፍሬን ያዝኩ፣ መሪውን ወደ ግራ ሰበርኩ። በፊቴ አለፍኩት። እውነቴን ነው ኢንስፔክተር፣ በፊቴ አለፍኩት፤ ተመስገን ብዬ ሳልጨርስ ኋላው ሸሸ። ከቀኝ በኩል ድም አለ።"

"አልቆምክም።"

"ልቆም ነበር። መኪናው ሊቆም ጥቂት ሲቀረው ሳሌም ምንድን ነው አለችኝ። ምን ልበላት? በግ ነው አልኳት። በግ ነው ስላት... አትቁም አለችኝ። ልጄ ሞተብኝ፣ በፈጠረህ አትቁም አለች። የወንበሬን ጀርባ ይዛ ነበር። ነዳሁ።"

ፍቃዱ ጽሑፉን አቆመ።

"መምሬ መሆናቸውን አውቀሃል?"

"ያኔ አላወቅኩም። ነጭ ልብስ ብቻ ነው ያየሁት። እሷን ለነርሶቹ አስረክቤ፣ መትረፏን እስክሰማ ቆይቼ ተመለስኩ። ስደርስ ዝናብ ይጥላል፣ ሰዉ ተሰብስቧል። ከመኪናው ሳልወርድ፣ በመስኮት፣ ጥምጥሙን አየሁ። አልቆምኩም፤ አለፍኳቸው። ሁለተኛ ነው ያለፍኳቸው።" ቀና ብሎ አያት። "አልደበቅኩም አልልዎትም። ፈርቼ ነበር፣ ልጆች አሉኝ። ጎሚኒውንም የቀየርኩት እንዳይታወቅብኝ ነው። ግን የፈራሁት እስሩን ብቻ አይደለም።"

"ምኑን ነው?"

"እሷ ስትሰማ። ኢንስፔክተር፣ እኔን እሰሩኝ፣ የምትሉትን ሁሉ እፈርማለሁ። ብቻዬን ነበርኩ ብላችሁ ጻፉ። ለእሷ በግ ነው ብያታለሁ። በግ ሆኖ ይቅር።"

ሰርካለም ክሮቹን በወረቀት ጠቅልላ ለፍቃዱ ሰጠችውና ካቴና እንዳያስርበት በዓይኗ ነገረችው። ቴዎፍሎስ የመኪናውን ቁልፍ ለሚስቱ ሰጥቶ፣ ራሱ የፖሊሱን መኪና በር ከፍቶ ገባ።

*

አዛዡ ኮማንደር ወልደተንሣኤ መዝገቡን አንብቦ ሲጨርስ መነጽሩን አወለቀ። ክፉ ሰው አልነበረም።

"ብቻውን ነበር ብለን ብንዘጋውስ?" አለች ሰርካለም። ይህን ስትል ራሷንም አላመነችም፤ በሥራ ዘመኗ እንዲህ ያለ ነገር ጠይቃ አታውቅም።

"ሆስፒታሉ ማን እንዳመጣት ያውቃል። ጎረቤቶቿ ያውቃሉ። ዐቃቤ ሕጉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ተሳፋሪዋን ነው። እሱን ደግሞ አስቢው፤ ወላድ ይዞ እየሮጠ እንደነበር ካልተጻፈለት፣ ሰው ገጭቶ ጥሎ የሄደ አውሬ ሆኖ ነው የሚቀርበው። የሚያቀልለት የእሷ ቃል ብቻ ነው።"

"እሷ ብትዘገይ ኖሮ ትሞት ነበር። ሐኪሙ ብሏል።"

"አውቃለሁ።"

"እሳቸውም ቢቆምላቸው ይተርፉ ነበር ይሆናል።"

"እሱንም አንብቤያለሁ ሰርካለም።" መዝገቡን ወደ እሷ ገፋው። "ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰማው ካንቺ ትስማው። ዛሬ ሂጂ።"

መኪናውን ፍቃዱ ነዳ። ገብስ ሜዳ ሲደርሱ ተለዋጩ መንገድ ተዘግቶ፣ አዲሱ ድልድይ ተከፍቷል። ገበሬዎች ገብሳቸውን ያርማሉ። የሚካኤል ደወል ለኪዳን ሳይሆን ለከሰዓቱ የፍልሰታ ቅዳሴ ይደወላል፤ የሚቀድሰው ከመዘዞ የመጣ ሌላ ካህን ነው።

ወይዘሮ ባፈና ደጃፉ ላይ ጥቁር ነጠላቸውን አደግድገው ሰርካለምን ተቀበሏት። ፊቷን አንድ ጊዜ አይተው ተረዱ።

"ተገኘ?"

"ተገኘ እማማ።"

"የምናውቀው ሰው ነው?"

"ልግባና ልንገራችሁ።"

ፍቃዱ ውጭ ቀረ። ሳሌም መደቡ ላይ ተቀምጣ ታጠባለች። ከባለፈው ይልቅ ፊቷ ተመልሷል። ሰርካለምን ስታይ ቦታ ልትለቅላት ሞከረች፤ ሰርካለም ግን ፊት ለፊቷ ባለው በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ባፈና ምሰሶውን ተደግፈው ቆሙ።

"ያዛችሁት?" አለች ሳሌም።

"ያዝነው።"

"አመነ?"

"አመነ።"

ሳሌም ሕፃኗ ላይ አቀረቀረች። እናቷ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው በዝምታ ያነባሉ።

"ሌላ ምንም ማወቅ አልፈልግም" አለች ሳሌም። "ይቅጡት አይቅጡት አይገደኝም። አንድ ነገር ብቻ ነው። ለምን እንዳልቆመ ነገረዎት?"

"ነገረኝ።"

"ለምን?"

ሰርካለም ስክሪብቶዋን ወደ ኪሷ መለሰች። በመንገዱ ላይ ያዘጋጀችው ቃል ሁሉ ጠፋባት። ከበርጩማው ተነስታ መደቡ ላይ፣ ከሳሌም አጠገብ ተቀመጠች።

"መጀመሪያ ሕፃኗን ለእናትሽ ስጪያቸው" አለቻት።

ሳሌም ነገሩ አልገባትም። ግን ጡቷን ሸፈነች፣ ልጇን ለባፈና አቀበለች፣ ባዶ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠበቀች።